ድምፅ አልባ አጭር ፊልም እንዴት ይታያል?

ተዋናይ የሌለው፣ ታሪክ የማይተርክ፣ ንግግርም የማይሰማበት አጭር ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ብዙውን ጊዜ «መቼ ነው የሚጀምረው?» እያለ ይጨርሰዋል። ከዚህ የሙከራ ፊልም ዓይነት ጋር ለመተዋወቅ ከዮሪስ ኢቨንስና ከማኑስ ፍራንከን «ዝናብ» የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1929 ለእይታ የበቃው ይህ የኔዘርላንድ ፊልም 12 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ሲሆን፣ የሚያሳየውም አምስተርዳም ላይ ዘንቦ የሚያባራ ዝናብ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ድምፁን ይዝጉት። ለፊልሙ ኋላ ላይ ሙዚቃ ተደርሶለታል፤ ሃንስ አይስለር በ1941 የደረሰው በተለይ ግሩም ነው። ሆኖም ሙዚቃ ምን ሊሰማን እንደሚገባ ቀድሞ ስለሚነግረን ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ሰዎቹ ከልክ በላይ የሚጣደፉ ከመሰሉ ቅጂው ከተቀረጸበት ፍጥነት በላይ እየሄደ ሊሆን ስለሚችል ፍጥነቱን ዝቅ ያድርጉ።

ቀጥሎ «ምን ሊመጣ ነው?» ማለትን ትተው ምን እንደተለወጠ ብቻ ይከታተሉ፦ ነፋሱ የሚያወዛውዘውን፣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች በቦዩ ውሃ ላይ የሚሠሯቸውን ክቦች፣ መዝነቡን ለማረጋገጥ የሚዘረጋውን እጅ፣ ከላይ የሚታየውን የጃንጥላ ብዛት። እኔ ይህን ፊልም የምወደው ማንም ልብ ብሎ የማያየውን ያን የእጅ መዘርጋት እንደ ትልቅ ክንውን ስለሚቆጥረው ነው።

በሁለተኛው ዕይታ ትኩረትዎን ወደ ቅንብሩ ያዙሩ፤ የፊልሙ ረቂቅ ጥበብ ያለው እዚህ ነውና። የአንድ ቀን ዝናብ የሚመስለው በወራት ውስጥ ከጣሉ ብዙ ዝናቦች ተለቅሞ የተሰፋ ነው። ስለዚህ አንዱ ምስል ሌላውን በተካ ቁጥር የጠብታው ውፍረት፣ የብርሃኑ ድምቀትና የውሃው አወራረድ እንዴት እንደተጣጣሙ፣ ካፊያው ቀስ በቀስ ወደ ዶፍ ተለውጦ እንዴት ተመልሶ እንደሚሳሳ ይመርምሩ። መጋጠሚያውን ለማግኘት አስቸጋሪ የሆነበት ቦታ ላይ አቁመው ወደኋላ ቢመልሱት አይቆጭዎትም።

ይህን ከለመዱ በኋላ ሄለን ሌቪት፣ ጃኒስ ሎብና ጄምስ ኤጂ በ1940ዎቹ በኒው ዮርክ ምሥራቅ ሃርለም የቀረጹትን «በጎዳናው ላይ» ይመልከቱ። እዚያ ደግሞ ዓይንዎን ከአየሩ ወደ ሰው መልሰው፣ በተለይ በእግረኛ መንገድ ላይ የሚጫወቱት ሕፃናት ካሜራውን ሲያዩና ሳያዩት ፊታቸው እንዴት እንደሚለያይ ያስተውሉ።