«ስቴሪዮዬን ልሸጠው ነው»፦ ኮንሰርትን ከቤት ስቴሪዮ ጋር ስናወዳድር የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎረቤቴ ባለፈው ዓመት ከስታዲየም ኮንሰርት ሲመለስ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ በሬን አንኳኳ።

«አቦ፣ ስቴሪዮዬን ልሸጠው ነው።»

«ምን አደረገህ?»

«ማታ እንደገባሁ ያንኑ ዘፈን ከፈትኩት። ሞቷል ወላሂ! እዚያ ደረቴን ሲደልቀኝ የነበረው ቤዝ የለም። ዘፋኙም ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ነው የሚመስለው።»

ስቴሪዮውን አውቀዋለሁ፤ ሲገዛው አብሬው ነበርኩ። አሮጌ ግን ደህና አምፕሊፋየርና ሁለት የእንጨት ስፒከር ነው። ምንም አልሆነም።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ለሰርግና ለምርቃት ሞንታርቦ ስተክል ዓመታት አሳልፌያለሁ። ከዚያ ሥራ የተረፈኝ የወገብ ሕመምና አንድ ጥያቄ ነው፦ «ቤት ውስጥ ለምን እንደዚያ አይሰማም?» ጥያቄው ጥሩ ነው። ችግሩ የምናወዳድርበት መንገድ ላይ ነው። የጎረቤቴን ጉዳይ ይዤ ስህተቶቹን አንድ በአንድ ልንገራችሁ፤ ብቻውን ሁሉንም ማለት ይቻላል ሠርቷቸዋል።

ስህተት አንድ፦ ከኮንሰርት በገቡበት ሌሊት መፍረድ

ያን ሌሊት የደከመው ስቴሪዮው ሳይሆን የጎረቤቴ ጆሮ ነበር። በውስጠኛው የጆሯችን ክፍል ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩ ጥቃቅን፣ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ሴሎች አሉ። ኃይለኛ ድምፅ ለሰዓታት ሲወርድባቸው ይዝላሉ። ቀድመው የሚደክሙት ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ የሚይዙት ናቸው። የሲምባሉ ጥራት ይጠፋል፤ የ«ሰ» እና የ«ሸ» ፉጨት ይደበዝዛል። ጎረቤቴ ብርድ ልብስ ያለው ይሄንን ነው።

ለጆሮ ጤና በብዛት የሚሠራበት የሥራ ቦታ ልክ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ነው። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት እያለ ይወርድና 100 ላይ የሚቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ኮንሰርት ላይ 100 ዴሲቤል ብርቅ አይደለም። ጎረቤቴ ደግሞ አራት ሰዓት ሙሉ ስፒከሩ ሥር ቆሟል። ያውም «ቦታ አገኘሁ» ብሎ ተደስቶ!

ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ጆሮን ማሳረፍ ነው። ጭው ማለቱ ከዚያ በኋላም ካልለቀቀ፣ ስቴሪዮውን ትቶ ሐኪም ጋ መሄድ ይሻላል። የጆሮ መድፈኛ ይዞ መሄድም አያሳፍርም። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ከኪሴ አይጠፋም ነበር። «የሳውንድ ሰው ሆኖ ጆሮውን ይደፍናል!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይኸው ዛሬም እሰማለሁ።

ስህተት ሁለት፦ እዚያ በ100 የሰሙትን እዚህ በ70 ከሚሰሙት ጋር ማስተያየት

ድምፁ ዝቅ ሲል የሰው ጆሮ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ቤዙን ይጥላል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ለክተው አሳይተዋል። አንድን ዘፈን ቀስ አድርጋችሁ ስትከፍቱት ቤዙ ከቅጂው ውስጥ አልወጣም። ጆሯችሁ ነው ያልተቀበለው። አሮጌ አምፖች ላይ «ላውድነስ» የሚል ቁልፍ ያለው ለዚሁ ነው፤ ድምፅ ቀንሶ ለሚያዳምጥ ሰው ቤዙን ከፍ ያደርግለታል። ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ተጭኖት ይረሳዋል።

ጎረቤቴ የከፈተው በሌሊት፣ እናቱ ተኝተው፣ ድምፁን ቀንሶ ነው። ፍርዱን እንግዲህ እዩት።

«ታዲያ እንደ ኮንሰርቱ ላስጩኸው» ለሚል ሒሳቡ እንዲህ ነው። 10 ዴሲቤል ለመጨመር ኃይሉ 10 እጥፍ መሆን አለበት። ስፒከሩ አሁን 1 ዋት እየወሰደ ከሆነ፣ 20 ዴሲቤል ሲጨመር 100 ዋት፣ 30 ሲጨመር 1000 ዋት ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ስፒከሩ ይቃጠላል። ከስፒከሩ በፊት ደግሞ ሰፈሩ ይነሳል።

የዋት ነገር ከተነሳ፣ ካርቶን ላይ የተጻፈውን አትመኑ። አንድ ጊዜ «3000 ዋት» የሚል ስፒከር ገዝቼ ቤት ስደርስ ጀርባውን ገልብጬ አየሁት። ከሶኬት የሚወስደው 60 ዋት እንደሆነ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። በ60 ዋት ገብቶ በ3000 የሚወጣ ዕቃ ቢኖር አገሩ ግድብ መሥራት ባላስፈለገው። «ፒ ኤም ፒ ኦ» የሚለው ቁጥር ለማስታወቂያ ነው፤ ዕቃው ሳያቋርጥ የሚችለውን ኃይል የሚናገረውን «አር ኤም ኤስ» የሚለውን ፈልጉ።

ሱቅ ውስጥም ሁለት ስፒከር ስታወዳድሩ በእኩል ድምፅ መከፈታቸውን እዩ። ትንሽ ከፍ ያለው ብዙውን ጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማል። ሻጩ ይሄን አሳምሮ ያውቃል።

ስህተት ሦስት፦ ክፍሉን መርሳት

እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ ይሄ ነው። ሰው ስለ አምፕና ስለ ስፒከር ሲከራከር ያድራል፤ ስለ ግድግዳው ግን ማንም አያነሳም።

ስታዲየም ጣሪያ የለውም። ወደ ሰማይ የሄደው ድምፅ ሄደ ነው። ሳሎን ውስጥ ግን እያንዳንዱ ድምፅ ግድግዳ መትቶ ይመለሳል። ድምፅ በድሬ ሙቀት በሰከንድ ወደ 350 ሜትር ይጓዛል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ይርገበገባል። ብታካፍሉት የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። የጎረቤቴ ሳሎን ደግሞ 4 ሜትር በ4 ሜትር ነው። የዚያ ሞገድ ግማሽ ከሞላ ጎደል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይደርሳል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ክፍሉ ራሱ አብሮ ይዘፍናል። ግድግዳው ጋ ቤዙ ያብጣል፤ የክፍሉ መሃል ላይ ግን ጥፍት ይላል።

ያን ጠዋት ቤቱ ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት ወንበሩን ነው። ልክ መሃል ላይ ተቀምጧል።

«ለምን እዚህ አደረግከው?»

«ቬንትሌተሩ ሥር ነዋ! በዚህ ሙቀት የት ልቀመጥ?»

ወንበሩን ወደ ኋላ፣ ወደ ግድግዳው ገፋሁት። ዘፈኑን መልሶ ከፈተው። ምንም አላለም፤ ተነስቶ መሃል ላይ ቆመ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ እንደገና ቆመ። አምስት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ቤዙ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ነበር።

ቬንትሌተሩም ራሱን የቻለ ጠላት ነው። ድሬ ውስጥ ማጥፋት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የሚያወጣው ሹሹታ ለስለስ ያለውን ድምፅ ሁሉ ይሸፍናል፤ የዘፋኙን ትንፋሽ፣ የክራሩን የመጨረሻ ንዝረት። በቋሚው ቬንትሌተር ውስጥ ስታወሩ ድምፃችሁ ሲቆራረጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ስፒከር ፊት ስታቆሙትም እንደዚያው ነው። ለአንድ ዘፈን ያህል አጥፉትና ላባችሁን ጠርጉ።

ሌላው የባዶ ሲሚንቶ ነገር ነው። ሳሎናችሁ መሃል ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ ጭልል የሚል ገደል ማሚቶ ከተከተለ፣ ዘፈናችሁም ላይ ያው ጭልታ ይጨመርበታል። ይሄንን ሐረር ጀጎል ውስጥ በአንድ ወዳጄ ቤት ሞክሬዋለሁ። የአደሬ ቤት ታውቁ የለ? ከፍና ዝቅ ያለው መደብ (ነደባ) ላይ ምንጣፍና መከዳ ሞልቶ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የአለላ ስፌትና ሳህን ተሰቅሎበት። ባጨበጭብ ባጨበጭብ የሚመለስ የለም። የስቱዲዮ ሰዎች በብዙ ብር የሚገዙትን የሐረር እናቶች በስንደዶ ሠርተውታል። ከሰዓት በኋላ የጫት በርጫ ላይ ዘፈን የሚጥመውም በቅጠሉ ብቻ አይመስለኝም። ፍራሹና መከዳውም ድርሻ አላቸው።

ስህተት አራት፦ «ላይቭ እውነተኛው ድምፅ ነው» ብሎ መነሳት

እስቲ ስታዲየሙን አስታውሱት። ዘፋኙ ማይኩን ከንፈሩ ላይ ለጥፏል። ድምፁ በኬብል ሚክሰር ይገባል። እዚያ አንድ ሰው ቤዙን ይቀንሳል፣ ቀጭኑን ድምፅ (ትሬብሉን) ይጨምራል፣ ኢኮ ይለቅበታል። ከዚያ አምፕ፣ ከዚያ የተሰቀለ ጥቁር ሳጥን። ጆሯችሁ ጋ የደረሰው እንደ ቤታችሁ ሁሉ የስፒከር ድምፅ ነው። ልዩነቱ ያኛው ስፒከር ቁም ሳጥን ማከሉ ነው።

ደረት የሚደልቀው ነገርም ከከበሮው ብቻ አልመጣም። ድራም ከሁለት ሜትር ርቀት ያለ ማይክ ሰምታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ይጮሃል፣ ግን እንደዚያ ሆድ አያንቀጠቅጥም። የሚያንቀጠቅጠው መድረኩ ሥር የተደረደረው ሳብዉፈር (የቤዝ ብቻ ስፒከር) እና ሚክሰሩ ላይ ያለው ልጅ ጣት ነው። እኔም ያ ልጅ ነበርኩ። ሙሽራው «ቤዝ! ቤዝ!» እያለ እጁን ሲያወዛውዝልኝ እጨምር ነበር። የባንዱን ትክክለኛ ድምፅ ማን ጠየቀኝ?

ደግሞ ብዙ ኮንሰርት ላይ ከግራም ከቀኝም የሚለቀቀው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ዳር የቆመው ሰው ግማሹ ዘፈን እንዳይቀርበት ነው። እዚህ ላይ ቤታችሁ ይበልጣል። ሁለቱን ስፒከሮች በእኩል ርቀት አስቀምጣችሁ ፊት ለፊታቸው ብትቀመጡ ክራሩ በግራ፣ ሳክስፎኑ በቀኝ፣ ዘፋኙ መሃል ይቆምላችኋል። ስታዲየም ውስጥ ይሄ የለም።

የቆማችሁበት ቦታም ወሳኝ ነው። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ከአንድ ስፒከር የሚመጣው ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። መድረኩ ላይ ካለው ስፒከር 100 ሜትር ርቃችሁ ከሆነ ድምፁ ሩብ ሰከንድ ከምናምን ዘግይቶ ነው የሚደርሳችሁ፤ የድራመሩ ዱላ መጀመሪያ ያርፋል፣ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። አየሩም ይጫወትበታል። ቀን መሬቱ ሲግል ድምፅ ወደ ላይ ይታጠፋል። ሌሊት መሬቱ ሲበርድ ወደ ታች ይታጠፍና ሩቅ ይሄዳል። ቀን እዚያው ሰፈር የሚቀር የሰርግ ሞንታርቦ ሌሊት የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መኝታ ቤታችሁ የሚገባው ለዚህ ነው።

ስለዚህ «ኮንሰርቱ ላይ እንዲህ ነበር» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደቆመ ነው። ደህና ድምፅ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ሚክሰሩ አጠገብ ነው፤ የሚያስተካክለው ሰው የሚሰማው እዚያ ሆኖ ነውና።

ስህተት አምስት፦ የቅጂውን ጥፋት ለስቴሪዮው መስጠት

የድሬው ልጅ የዓሊ ቢራ የድሮ ዘፈን ፍላሽ ላይ አላችሁ እንበል። ከካሴት ወደ ካሴት ስንቴ ተገልብጦ ወደ ፍላሽ እንደገባ ማን ያውቃል? ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ሽሽታው ይጨምራል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይሞታል። የመቶ ሺህ ብር ስፒከር ብትገዙም የሞተውን አያስነሳም። እንዲያውም ጉዱን አጉልቶ ያሳያችኋል።

በስልክ የተቀዳ የኮንሰርት ቪዲዮ የባሰ ነው። የስልክ ማይክ ድምፅ ሲበዛበት ይጨናነቃል፤ ስልኩም ከፍ ያለውን ይጫነዋል፣ ዝቅ ያለውን ያነሳዋል። ቤዙ ወደ ጉርምርምታ ይቀየራል። ጎረቤቴ ለንጽጽር የከፈተው፣ ኋላ እንደተረዳሁት፣ ራሱ በስልኩ የቀዳውን ነበር! ግማሹ የእሱ ፉጨት ነው።

እንግዲህ በምን እንለካው? ያለ ማይክ የምናውቀው ድምፅ ያስፈልጋል። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ቤታችሁ ከመጣ በጣም ጥሩ። ካልሆነ የሰው ድምፅ ይበቃል፤ በየቀኑ የምትሰሙትን ሰው ጆሯችሁ አይሳሳተውም። ስልክም ቢሆን ጸጥ ባለ ቦታ፣ ከአንድ ሜትር ላይ፣ የሚያወራ ሰው ሲቀዳ አያሳፍርም።

እኔ የቀዳሁት የጎረቤቴን እናት ነው። ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ቡና ሲቆሉ አስፈቅጃቸው ልጃቸውን እንዲጠሩ አደረግኩ። እሑድ ከሰዓት እሱ አዲሱ ቦታው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ፣ ቬንትሌተሩን አጠፋሁና ፍላሹን ሰካሁት።

«አንተ ልጅ፣ ና ቡና ደርሷል!» አለ ስቴሪዮው።

«አቤት እማዬ፣ መጣሁ!» ብሎ ተነሳ።

በሩ ላይ ከእናቱ ጋር ተጋጠሙ። ጀበና ይዘው እየገቡ ነበር።

«ማን ጠራህ?» አሉት።