ለቤት ማሞቂያ ቆጣቢ የጋዝ ቦይለር እንዴት እንደሚመረጥ

እንግሊዝ አገር ቦይለር የሚበላሸው ሁልጊዜ ብርዱ ሲጠና ነው። የናንተው ካረጀ ምርጫውን ሰመር ላይ ተረጋግታችሁ ጨርሱት። በጥድፊያ የሚገጠም ቦይለር ብዙ ጊዜ ያን ቀን የተገኘው እንጂ ለቤቱ የሚስማማው አይደለም። ተከራይ ከሆናችሁ ጣጣው የአከራዩ ነው፤ በየ12 ወሩ የጋዝ ደህንነት ምርመራ የማስደረግ ግዴታም አለበት።

መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ቦይለሩ ላይ ያለው የ«ኤ» የኃይል ብቃት ደረጃ ምልክት ነው። እሱ ብዙም አያማርጥም። በእንግሊዝ ከ2018 ጀምሮ አዲስ የሚገጠም የጋዝ ቦይለር ቢያንስ 92 በመቶ ብቃት እንዲኖረው ደንቡ ያስገድዳል። ስለዚህ ወረቀት ላይ ሁሉም ተቀራራቢ ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው ቤት ገብተው ሲሰሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዝ ሲነድ የውሃ እንፋሎት ይወጣል። የድሮ ቦይለር እንፋሎቱን በጭስ ማውጫው ይለቀዋል። ኮንደንሲንግ የሚባለው አዲሱ ግን መልሶ ውሃ ያደርገውና ሙቀቱን ይወስድለታል። ይህ የሚሆነው ከራዲያተር የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ብቻ ነው። ቦይለሩ 80 ዲግሪ ላይ ተሞልቶ ከተተወ ለቆጣቢነቱ የከፈላችሁት በጭስ ማውጫው ሄደ ማለት ነው።

አሁን ዓይነቱን ለዩ። ባለ አንድ ሻወር ቤት ኮምቢ ይበቃዋል። ውሃውን እዚያው እያሞቀ ስለሚሰጥ ታንከር አይፈልግም። ሁለት ሻወር ባንዴ የሚከፈትበት ቤት ከሆነ ግን የሙቅ ውሃ ታንከር ያለው ሲስተም ቦይለር ይሻላል። አለበለዚያ አንዱ ቧንቧ ሲከፍት ሌላው ከሻወር ውስጥ ይጮሃል።

ኮምቢ ካሰባችሁ ባልዲና ስልካችሁን ያዙ። የኩሽናውን ቀዝቃዛ ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ለ30 ሰከንድ ቅዱና በሁለት አባዙት። በደቂቃ 10 ሊትር ብቻ ከወጣ ለባለ 35 ኪሎዋት ኮምቢ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። ከዋናው መስመር ያልመጣ ውሃ ከቦይለር አይወጣም። ባለ 24 ኪሎዋቱ በቀዝቃዛው ውሃ ላይ 35 ዲግሪ ጨምሮ በደቂቃ 10 ሊትር ገደማ ይሰጣል፤ ባለ 30ው 12 ገደማ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ቀጣዩን ነው። ያ ትልቅ ኪሎዋት ለሙቅ ውሃ እንጂ ለራዲያተር አይደለም። መካከለኛ ባለ 3 መኝታ ቤት በከባድ ብርድ እንኳ ለማሞቂያ ብዙ ጊዜ ከ10 ኪሎዋት ብዙም አያልፍም። ለስለስ ባለ ቀን 3 ወይም 4 ይበቃዋል። ቦይለሩ ከ7 በታች መውረድ ካልቻለ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል። ጋዙም ይባክናል፣ ዕቃውም ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ «ዝቅ ሲል እስከ ስንት ይወርዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ወደ 3 አካባቢ የሚወርደውን ውሰዱ። በኔ እምነት ይህ ቁጥር ከብራንድ ስም ይበልጣል። ጎረቤት ትልቅ አስገጠመ ብሎ መፎካከር እዚህ ላይ አይሰራም።

ቦይለሩ የውጭውን አየር እያየ ሙቀቱን ራሱ የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ገጣሚው ጋዝ ሴፍ ሬጂስተር በሚባለው ሕጋዊ የጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ይህ ሕግ ነው። መታወቂያውን ጠይቁና ገልብጣችሁ እዩት። ምን ምን ሥራ እንደተፈቀደለት ጀርባው ላይ ተጽፏል። ቤቱን ዞሮ ሳያይ፣ ራዲያተር ሳይቆጥር በስልክ ዋጋ የሚነግራችሁን እለፉት። የድሮው ቧንቧ ይታጠባል ወይ? የብረት ዝቃጭ የሚይዝ የማግኔት ማጣሪያ ይገባል ወይ? ዋስትናውስ ስንት ዓመት ነው? ዋስትናው በየዓመቱ ሰርቪስ ካልተደረገ ይቀራል፤ ደረሰኙን አስቀምጡ።

ከእንፋሎቱ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያስወግደው የፕላስቲክ ቱቦ በየት እንደሚያልፍም ጠይቁ። በውስጥ በኩል ቢሄድ ጥሩ ነው። የግድ ውጭ ከሆነ ወፈር ያለና የተሸፈነ ይሁን። ቀጭን ከሆነ በውርጭ ይደፈናል፤ ቦይለሩ እየተንጎረጎረ ይቆማል። ያኔ መፍትሔው ቱቦው ላይ ለብ ያለ ውሃ ማፍሰስ ነው፤ የፈላ ግን አይሆንም።

ሰውየው ዕቃውን ሰብስቦ ከመውጣቱ በፊት የራዲያተሩን ውሃ 55 ወይም 60 ላይ እንዲያደርገው ጠይቁ። ቤቱ ካልሞቀ በ5 በ5 ጨምሩ። ታንከር ካላችሁ የታንከሩ ውሃ 60 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ያለዚያ ባክቴሪያ ሊተርፍበት ይችላል።