‹‹ሚስትሪ›› ሲባል ቶሎ ምስጢር እንዳትሉ

የመካከለኛውን ዘመን የእንግሊዝ መንፈሳዊ ተውኔት ማንበብ የጀመረ ሰው ገና በር ላይ የሚሳሳተው ‹‹ሚስትሪ ፕሌይ›› የሚለው ስም ላይ ነው። እኛ ምስጢር የሚል ቃል ስላለን፣ ቤተ ክርስቲያንም ምሥጢራት ስለምትል፣ ትርጉሙ የገባን ይመስለናል። በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛ ግን ሚስትሪ የእጅ ሙያ ማለትም ነበር። የተውኔቶቹን ስም ያወጡት ደግሞ ዘግይተው የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። ተውኔቶቹ ይታዩባት የነበረችው የእንግሊዝ ከተማ የዮርክ ሰው ‹‹የኮርፐስ ክሪስቲ ጨዋታ›› ነበር የሚለው፤ በክርስቶስ ሥጋ በዓል ቀን ስለሚታይ።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት ከመግለጣችሁ በፊት ተውኔቱ የሚታይበትን ጋሪ በዓይነ ሕሊናችሁ አምጡት። ‹‹ፓጀንት›› አንዴ ጋሪው ነው፣ አንዴ ደግሞ ጋሪው ላይ የሚታየው ክፍል። ‹‹ስቴሽን›› ጋሪው መንገድ ላይ የሚቆምበት ቦታ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ጀምረው ተራ በተራ እየገፉት፣ በየቦታው ያንኑ ጨዋታ ይደግሙታል። ‹‹ሳይክል›› ከፍጥረት እስከ ምጽአት ያለው ሙሉው ተከታታይ ነው።

እያንዳንዱን ክፍል የሚያቀርበው አንድ የሙያ ማኅበር ስለነበር፣ ቀጥሎ ክፍሉን ያቀረበው የትኛው ማኅበር እንደሆነ እዩ። በዮርክ የኖኅን መርከብ የሚሠሩት መርከብ ሠሪዎች፣ የመጨረሻውን እራት የሚያቀርቡት ዳቦ ጋጋሪዎች ናቸው። ስቅለቱ የስፒል ሠሪዎች ነው፤ እኔን ሁሌም የሚነካኝም እሱ ነው። አራት ወታደሮች ክርስቶስን ሊቸነክሩ ሲሉ የምስማሩ ቀዳዳ ርቆ ተበስቷል። እንጨቱን እንደገና አይበሱትም። እጁን በገመድ ስበው ያደርሱታል። መስቀሉን ሲያነሱ ከበደን ይላሉ፣ ሲተክሉት ደግሞ ጉድጓዱ ስለሰፋ በሽብልቅ ያጠብቁታል። ንግግራቸው ሁሉ የሠራተኛ ንግግር ነው፣ ክርስቶስ ግን ዝም እንዳለ ነው ማለት ይቻላል። ቃላቱን በሠራተኛ ጆሮ ካልሰማችኋቸው ጭካኔው አይታያችሁም።

የቃላቱ አጻጻፍ ካስቸገራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ዓይን ያላወቀውን ብዙ ጊዜ ጆሮ ያውቀዋል። የሚያታልሉት የምናውቃቸው የሚመስሉን ናቸው። ‹‹ካይንድ›› ስታዩ ደግ ብላችሁ አትለፉ፣ ተፈጥሮ ማለትም ነው። ‹‹ዱም›› ደግሞ ጥፋት አይደለም፣ ፍርድ ነው። የዮርክ ነጋዴዎች የሚያቀርቡት ዱምስዴይ፣ ማለትም የመጨረሻው ፍርድ ቀን ክፍል ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1433 በተጻፈው የዕቃ ዝርዝራቸው እንደሚታየው፣ የሲኦል አፍ ተሠርቷል። ግን ቀኑን የጥፋት ቀን ብላችሁ ካነበባችሁት በቀኝ የቆሙትን ነፍሳት ትረሷቸዋላችሁ።