የክርስትናና የልደት ኬክ በቤት ውስጥ፦ ከዱቄቱ እስከ ፊኛው

የልጅ ድግስ ሲደርስ ዶሮው ለአክስቶች ይሰጣል፣ ድፎውን ጎረቤት ይደፋል። ኬኩ ግን ወይ ይታዘዛል፣ ወይ "እኔ እሠራዋለሁ" ብሎ አፉን የከፈተ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሰው ነው።

በመጀመሪያ ስልክ ላይ ያያችሁትን ባለሦስት ፎቅ የፎንዳንት ኬክ (እንደ ሊጥ ተዳምጦ በሚለብስ የስኳር ሽፋን የተሸፈነውን) ለጊዜው እርሱት። ፎንዳንት ለፎቶ ያምራል፣ እንግዳው ግን ልጦ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ነው የሚተወው። ለጀማሪ ሁለት ንብርብር ያለው፣ በቅቤ ክሬም የተሸፈነ ደህና ኬክ በቂ ነው። ጌጡን ቤት ውስጥ ካለው ነገር እናመጣዋለን።

ሌላው ቀድሞ የሚታየው ካላንደሩ ነው። ክርስትና ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ስለሆነ ጾሙን አይጠብቅም። ዐቢይ ጾም ውስጥ፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ሊውል ይችላል። እንቁላልና ቅቤ ገዝታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ይህን ማስታወስ ደስ አይልም። የሁለቱንም አሠራር እጽፋለሁ፣ የፍስኩንም የጾሙንም።

ኬኩን መጋገር (ከድግሱ 2 ቀን በፊት)

አዲስ አበባ ውስጥ ኬክ መሃሉ ሲሰረጉድ ብዙ ሰው ኦቭኑን ይረግማል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የከፍታው ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ በፍጥነት ይለጠጥና ኬኩ ሳይበስል ይነፋል፣ ከዚያ መሃሉ ቁጭ ይላል። ውሃም እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ቶሎ ይተንና ኬኩ ይደርቃል። ኢንተርኔት ላይ ያሉት አሠራሮች ደግሞ አብዛኞቹ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን በሲሶ ያህል ቀንሱ፣ ስኳሩንም በትንሹ። ፈሳሹን 3 ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፣ ሙቀቱን ደግሞ በ10 ዲግሪ ከፍ አድርጉት። ከታች ያሉት መጠኖች ለአዲስ አበባ የተስተካከሉ ናቸው። ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን ሆናችሁ የምታነቡ ማስተካከያውን መልሱት፣ ማለትም ቤኪንግ ፓውደሩ 3 የሻይ ማንኪያ፣ ወተቱ 1 ኩባያ፣ ሙቀቱ 180 ይሁን።

ለፍስክ ኬክ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላላቸው ሁለት መጋገሪያዎች፣ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ 375 ግራም ፉርኖ ዱቄት (3 ኩባያ)፣ 300 ግራም ስኳር፣ 200 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 4 እንቁላል፣ 300 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ። ወተቱም እንቁላሉም ቅቤውም ከፍሪጅ ወጥተው አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ቀዝቃዛ እንቁላል ለስላሳ ቅቤ ላይ ሲገባ ይቋጠራል።

ቅቤውንና ስኳሩን በሚክሰር 5 ደቂቃ ምቱት፣ ቀለሙ እስኪነጣ ድረስ። ሚክሰር ከሌለ በእንጨት ማንኪያ ይሆናል፣ ክንድ ያላት የቤተሰብ አባል ጥሩ። እንቁላሉን አንድ በአንድ ጨምሩ። ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ጨውን አብራችሁ በወንፊት ንፉ። ከዚያ ዱቄት፣ ወተት፣ ዱቄት፣ ወተት እያላችሁ በየተራ አስገቡ። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ብዙ አትምቱት፣ እስኪዋሃድ ብቻ። ብዙ ከተመታ ኬክ መሆኑ ይቀርና ዳቦ ይሆናል። መጋገሪያውን ቅቤ ቀቡ፣ ከሥሩ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ፣ ሊጡ ከግማሹ ትንሽ ከፍ እስኪል ሙሉ። ቀድሞ በጋለ ኦቭን በ190 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ። መሃሉን በስቴኪኒ ስትወጉት ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ደርሷል።

የጾሙ ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው፣ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ከፍስኩም ይጥማል። 3 ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ተኩል ስኳር፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አደባልቁ፤ ቸኮሌት ከፈለጋችሁ ግማሽ ኩባያ ካካዎ። በሌላ ዕቃ 2 ኩባያ ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶና ቫኒላ። ፈሳሹን ዱቄቱ ላይ ገልብጡ፣ በፍጥነት አማስሉና ወዲያው ኦቭን ውስጥ። ኬኩን የሚያነሳው አቼቶውና ሶዳው ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ነው፤ ሊጡ ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ጋዙ አምልጦ ያልቃል። ስልክ ከተደወለ አታንሱ።

ኦቭን የሌላችሁ ወፍራም ድስት ይበቃል። ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ጨው አንጥፉ፣ በላዩ ትንሽ የብረት ማስቀመጫ አድርጉ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ 10 ደቂቃ ይጋል። ከዚያ መጋገሪያውን አስቀምጡና በአነስተኛ እሳት ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። ላዩ አይቀላም፣ ግን በክሬም ስለሚሸፈን ማን ያየዋል? ይህ መንገድ ለመብራት መጥፋትም መፍትሔ ነው። ኬኩ ገና እንደገባ መብራት ከሄደ አውጥታችሁ ወደ ድስቱ አዛውሩት። ከ20 ደቂቃ በኋላ ከሆነ ግን ኦቭኑን አትክፈቱ፤ በያዘው ሙቀት ሊጨርሰው ይችላል።

ሲወጣ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይገልበጥ፣ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይደር። በማግስቱ ስትቆርጡት ብዙ አይፈረፈርም።

ክሬሙና ጥለቱ (ከድግሱ 1 ቀን በፊት)

250 ግራም የገበታ ቅቤ እስኪነጣ ምቱ፣ 500 ግራም የተፈጨ ስኳር በሦስት ዙር ጨምሩበት፣ በ2 ማንኪያ ወተት አለስልሱት። የተፈጨ ስኳር ካጣችሁ ተራ ስኳር ብሌንደር ውስጥ ፈጭታችሁ በወንፊት ንፉ። የገጠር ቅቤም ንጥር ቅቤም አይሆንም፣ እሱ ለዶሮው ነው። ለጾም በማርጋሪንና በውሃ ይሠራል፣ ግን ማሸጊያውን አንብቡ። አንዳንዱ ማርጋሪን የወተት ዱቄት አለበት፤ የዱቄት ዊፒንግ ክሬምም "አትክልት" ተብሎ እየተጻፈበት ኬዚኔት የሚባለው የወተት ፕሮቲን ይገባበታል። ማርሽማሎና አንዳንድ ከረሜላ ላይ ደግሞ ጄላቲን አለ፣ ከአሳማ ሊሆን ይችላል። ኬኩ ለአቂቃም (ለሙስሊሞች የሕፃን ልደት ድግስ) ይሁን ለክርስትና ይህን ማየት ግድ ነው።

በሁለቱ ንብርብር መሃል ማርማላታ ወይም ክሬም ቀቡና አጋጥሙ። ከዚያ ዙሪያውን ስስ ክሬም ቀብታችሁ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገቡት። ይህ የመጀመሪያው ቅብ ፍርፋሪውን ይይዛል፣ ስለዚህ አስቀያሚ ቢሆን አትደንግጡ። ዋናውን ቅብ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የምትቀቡት። ቢላውን ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከራችሁ፣ እየጠረጋችሁ ዙሪያውን አስተካክሉ።

አሁን ጌጡ። እኔ የምመክረው ጥለት ነው። የእናትየዋን ቀሚስ ጥለት ፎቶ አንሱና ከውስጡ አንድ ቀላል ቅርጽ ብቻ ምረጡ፤ መስቀል ወይም እርስ በርስ የተያያዘ አልማዝ ቅርጽ ይሁን። በማስመሪያና በስቴኪኒ ኬኩ ወገብ ላይ ሁለት ትይዩ መስመር አስምሩ፣ በመሃላቸው እኩል እየለካችሁ ነጥብ ነጥብ አድርጉ። ክሬሙን ሁለትና ሦስት ቀለም ቀቡ፣ በወፍራም ላስቲክ ሙሉና ጫፉን በጣም ትንሽ ቁረጡ። ነጥቦቹን እያገናኛችሁ ትሄዳላችሁ። መጀመሪያ ከኋላ በኩል ጀምሩ፣ ፊት ለፊት ስትደርሱ እጃችሁ ይፈታል። ለቀለሙ ጄል የተሻለ ነው፤ ፈሳሹ ክሬሙን ያቀጥነዋል። ቀለል ያለ ሮዝ ከቀይ ሥር ጭማቂ፣ ቢጫ ከቁንጥር እርድ ይገኛል፣ ግን እርዱን አታብዙ፣ ይሸታል።

የልጁን ስም በቀጥታ ኬኩ ላይ አትጻፉ፤ ፊደል ከተበላሸ ማጥፋት አይቻልም። ስሙን በወፍራም ፊደል አትሙ፣ በላዩ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ፣ የቀለጠ ቸኮሌት በላስቲክ አድርጋችሁ ፊደሉን ተከተሉት። ፍሪጅ ውስጥ ሲደርቅ ላጡና ኬኩ ላይ አስቀምጡ። የ"ጸ" እና የ"ኘ" ቀጭን ነገሮች መሰበር ይወዳሉ፣ ስለዚህ ሁለት ሁለት ሥሩ። ደግሞም አባትየውን በየትኛው "ሀ" እንደሚጻፍ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ በኋላ አያት ከመጠየቃቸው በፊት።

ትኩስ አበባ ያምራል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጽጌረዳ ውድም አይደለም። ግን ለሽያጭ የተተከለ አበባ የሚረጨው ፀረ-ተባይ ለምግብ ተብሎ አይደለም። ግንዱን ኬኩ ውስጥ አትሰኩ፣ ከሥሩ ዙሪያ ሳህኑ ላይ አድርጉ። ካላ ሊሊ የሚባለው ነጭ አበባ ደግሞ ራሱ መርዛማ ስለሆነ ኬክ አጠገብ አይድረስ። የማይበላ ብልጭልጭም እንዲሁ።

ለአንድ ዓመቱ ልጅ የራሱ ኬክ

የ40 ቀን ሕፃን ኬክ አይበላም፣ ያ የእንግዳ ነው። የመጀመሪያው ልደት ላይ ግን ልጁ በእጁ የሚያፈርሰው ትንሽ ኬክ ለብቻው ይሠራለታል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ የተጨመረ ስኳር አይመከርም። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በፍጹም አይሰጥም፣ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ልደቱን ቀደም አድርጋችሁ በ11 ወሩ የምታከብሩ ይህን አትርሱ።

2 በጣም የበሰለ ሙዝ ጨፍልቁ፣ 1 እንቁላል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሩብ ኩባያ ስኳር የሌለው እርጎ፣ 1 ኩባያ ዱቄት፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ትንሽ ቀረፋ ጨምሩ። በሁለት ትንንሽ መጋገሪያ ከፍላችሁ በ185 ዲግሪ 25 ደቂቃ ያህል። መሸፈኛው እርጎ ነው፤ ከተፈላ ወይም ከፋብሪካ ወተት የተሠራውን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥራችሁ ፍሪጅ ውስጥ አንጠልጥሉት፣ ሲያድር እንደ ክሬም ይጠጥራል። እንቁላል፣ ወተት ወይም ስንዴ ቀምሶ የማያውቅ ልጅ ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስበት ቀን ድግሱ አይሁን። ብር የሚመስል ጠንካራ የከረሜላ ጠጠር፣ ለውዝ፣ ሙሉ የወይን ፍሬ የእሱ ኬክ ላይ አይቀመጥ፣ ያንቃል።

ማስዋቢያው

ለኬኩ መቆሚያ አትግዙ። መሶብ አለ። ክዳኑን አንሱ፣ በላዩ በፎይል የተሸፈነ ጠንካራ ካርቶን አድርጉ፣ ዙሪያውን ከአሮጌ ቀሚስ የተረፈ ጥለት አዙሩበት፣ በስኮች ከኋላ ያዙት። ኬኩን ከላይ አስቀምጡ። ከሚከራየው የፕላስቲክ ማማ ይልቅ ይህ አሥር እጥፍ ያምራል፣ ፎቶውም የራሳችሁን ቤት ይመስላል።

ከኋላ ነጭ መጋረጃ ወይም ነጠላ ወጥራችሁ ፊኛ ብታንጠለጥሉ በቂ ነው። ለ2 ሜትር ያህል ተደርድሮ የሚሠራ ፊኛ ከ60 እስከ 80 ፍሬ ይፈልጋል፤ መርካቶ በጅምላ ብትገዙ ይረክሳል። መጠናቸው የተለያየ ይሁን፣ ሁሉም እኩል ከሆኑ ደረቅ ያደርገዋል። ሁለት ሁለቱን እግራቸውን እሰሩ፣ ሁለቱን ጥንድ ጠምዝዛችሁ አራት አድርጉ፣ አራት አራቱን በሲባጎ ላይ እየጠመዘዛችሁ አስጠጉ። ትንንሾቹን መጨረሻ ላይ ክፍተቱ ውስጥ በሁለቱም ፊቱ በሚጣበቅ ስኮች ለጥፉ። ማታ ነፍታችሁ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ብታሳድሩት ምንም አይሆንም። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ግን ወዲያው ይነሳ፣ የሚድህ ልጅ አፉ ውስጥ ከከተተው አደገኛ ነው። ሕፃኑ ከሚተኛበት ላይ ደግሞ ምንም አትስቀሉ።

የኬኩን ጠረጴዛ ከረከቦቱ አርቁት። ቅቤ ሽታ ይስባል፣ እጣኑ ክሬሙ ውስጥ ይገባል፣ የከሰሉ ሙቀትም ጥለቱን ያወርደዋል። ቄጠማውም በር ላይና ቡናው ዙሪያ ይጎዝጎዝ እንጂ ከፍሪጁ እስከ ጠረጴዛው ባለው መንገድ ላይ አይበተን፣ ያንሸራትታል። ድሬዳዋ ወይም ዓረብ አገር ያላችሁ ኬኩን ሊቆረጥ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ብቻ አውጡት። አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ቀድሞ ቢወጣ ይሻላል፣ ቀዝቃዛ የቅቤ ክሬም አይጥምም።

በመኪና የሚሄድ ከሆነ ጭን ላይ አትያዙት። ጭን ተዳፋት ነው፣ መኪናው በፈረነ ቁጥር ኬኩ ይንሸራተታል። ወለሉ ላይ፣ ከሥሩ እርጥብ ፎጣ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ትርፍ ክሬምና አንድ ቢላ በላስቲክ ያዙ። የተረፈው ኬክ ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን ይቆያል፣ በእርጎ የተሸፈነው የልጁ ኬክ ግን በእጁ ከነካው በኋላ አይቀመጥም።