ስለ ሳንድ ዶላር ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

አብዛኞቻችን ሳንድ ዶላር የሚባለውን የባሕር እንስሳ የምናውቀው በፎቶ ነው። ነጭ፣ ክብና ጠፍጣፋ ነገር፣ ጀርባው ላይ አምስት ቅጠል ያለው አበባ የተቀረጸበት። ፎቶው ላይ ያለው ግን እንስሳው ሞቶ የቀረው አጽሙ ነው። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡትም ከዚሁ ይመስለኛል፤ አጽሙን ብቻ አይተን ስለ እንስሳው እንፈርዳለን።

ስህተት አንድ፦ ዛጎል ነው ማለት

ቀንድ አውጣ ዛጎሉን ከአካሉ ውጭ ይሠራል። የሳንድ ዶላር አጽም ግን ያለው ከቆዳው ሥር ነው። ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ትንንሽ ሰሌዳዎች እርስ በርስ ጥብቅ ብለው ተጋጥመዋል። በላያቸው ስስ ሕያው ቆዳ አለ። በቆዳው ላይ ደግሞ እጅግ ብዙ አጫጭር እሾሆች አሉ፤ እያንዳንዱ እሾህ በራሱ ጡንቻ ይንቀሳቀሳል። በሕይወት ያለ ሳንድ ዶላር ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም አረንጓዴ የሚመስል መልክ አለው፤ ሲዳሰስ እንደ ከፋይ ጨርቅ ነው። ነጩ ቀለም የሚመጣው ቆዳውና እሾሁ ረግፎ አጽሙን ፀሐይ ሲያነጣው ነው።

በዝምድናም ቢሆን ከቀንድ አውጣ ይልቅ ለእኛ ለአከርካሪ አጥንት ባለቤቶች ይቀርባል። በሁለታችንም ፅንስ ላይ መጀመሪያ የሚፈጠረው ቀዳዳ የፊንጢጣ ወገን ይሆናል፤ አፍ የሚመጣው በኋላ ነው። ይህን ስሰማ ሁሌም ይገርመኛል።

ስህተት ሁለት፦ የባሕር ኮከብ ዓይነት አድርጎ መቁጠር

አምስት ቅጠሉን አይቶ «ኮከብ ነው» ማለት ቀላል ነው። ግን በአምስት የመከፈል ነገር ኤኪኖደርም የሚባሉት የባሕር እንስሳት ሁሉ ጠባይ ነው። ዛሬ በሕይወት ያሉት ኤኪኖደርሞች አምስት መደቦች ናቸው፦ የባሕር ኮከቦች፣ እጃቸው ቀጭን የሆነው ተሰባሪ ኮከቦች፣ የባሕር ሊሊዎች፣ የባሕር ኪያሮችና የባሕር ጃርቶች። ሳንድ ዶላር የሚመደበው ከባሕር ጃርቶች ጋር ነው። በአጭሩ፣ የተዘረጋ የባሕር ጃርት ነው። ለባሕር ጃርቶች ደግሞ ከሌሎቹ መደቦች ሁሉ የሚቀርቧቸው የባሕር ኪያሮች ናቸው።

አበባውም ጌጥ አይደለም። ቅጠሎቹ የተሠሩት ከረድፍ ከረድፍ ቀዳዳዎች ነው። በቀዳዳዎቹ ስስ ቱቦ መሰል እግሮች ይወጣሉ፤ እንስሳው ከውኃው ኦክስጅን የሚወስደው በእነሱ በኩል ነው። አበባ ያልነው ነገር መተንፈሻው ነው ማለት ነው።

ስህተት ሦስት፦ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ነው ብሎ ማሰብ

ከላይ ሲታይ ፊትና ኋላ ያለው አይመስልም። ገልብጡትና እዩት። መሐል ላይ አፉ አለ። ከአፉ ተነሥተው ወደ ጠርዝ የሚሄዱ ቦዮች አሉ፤ በአንዳንድ ዝርያዎች እየሄዱ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ምግብ ወደ አፍ የሚጓዘው በእነዚህ ቦዮች ነው። ከዚያ በአንድ ወገን፣ ወደ ጠርዙ ቀረብ ብሎ፣ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ ታገኛላችሁ። እሱ ፊንጢጣው ነው። ያ ወገን ኋላው ነው፤ እንስሳው የሚጓዘው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ነው።

ክብ በሆኑት በተለመዱት የባሕር ጃርቶች ላይ ፊንጢጣ አናት ላይ ነው። ከአናት ወርዶ ወደ ጎን የሄደባቸው «ኢ-መደበኛ» የባሕር ጃርቶች ይባላሉ። ቅሪተ አካላቸው መታየት የሚጀምረው በጁራሲክ ዘመን ነው። አሸዋ ውስጥ እየቆፈሩ ለሚኖሩ እንስሳት ፊትና ኋላ መለየቱ በጣም ጠቅሟቸዋል።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ደረቅ ሳንድ ዶላር ሲሰበር ወፍ የሚመስሉ አምስት ነጫጭ ነገሮች ይወጣሉ። ብዙ ቦታ «ርግብ» እየተባሉ ይታያሉ። መንጋጋዎቹ ናቸው። ይህ የመንጋጋ ስብስብ የአርስጣጣሊስ ፋኖስ ይባላል፤ ምክንያቱም የባሕር ጃርትን አፍ ከፋኖስ ጋር አመሳስሎ የጻፈው እሱ ነው።

ስህተት አራት፦ ጠፍጣፋውን ሁሉ አንድ ቤተሰብ ማድረግ

ይህን ስህተት የሠሩት ተራ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ለረጅም ጊዜ ሳንድ ዶላሮችና ወፈር ያሉት «የባሕር ብስኩቶች» ክሊፒያስተሮይዳ በሚባል አንድ ክፍለ መደብ ውስጥ ነበሩ። ምክንያቱ አሳማኝ ነበር፤ ሁለቱም ዝቅ ያለ አካል፣ በጀርባቸው ላይ አበባ፣ በአፋቸው መንጋጋ አላቸው።

በ2018 የታተመ የዘረመል ንጽጽር ግን ሥዕሉን ቀየረው። ሳንድ ዶላሮች ከባሕር ብስኩቶች ይልቅ ኢኪኖላምፓስ ለሚባሉት የባሕር ጃርቶች የሚቀርቡ ሆነው ተገኙ። ነገሩን የሚያከብደው እነዚህ ኢኪኖላምፓሶች ካደጉ በኋላ መንጋጋ የሌላቸው መሆናቸው ነው። ስለዚህ ወይ መንጋጋው መሐል ላይ ባሉት ዘመዶች ጠፍቷል፣ ወይ በሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ተመልሶ መጥቷል። የትኛውም ቢሆን ቅርጽ ብቻ ዘመድ እንደማያደርግ ያሳያል። አሁን ሳንድ ዶላሮቹ ስኩቴሎይዳ ተብለው ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ መጽሐፍ ካገኛችሁ የታተመበትን ዓመት ተመልከቱ።

ጠፍጣፋነት መለኪያ እንደማይሆን የሚያሳይ ሌላም አለ። ኢኪኖሲያመስ ፑሲለስ በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክና በሜዲትራኒያን የሚኖር፣ ከአተር ብዙም የማይበልጥ እንቁላል መሰል እንስሳ ነው። እሱም ከሳንድ ዶላሮች ወገን ነው።

በአንዳንድ ሳንድ ዶላሮች አካል ላይ ከጀርባ እስከ ሆድ የሚያልፈውን ሽንቁርም በተመለከተ ሁለት ስህተት አለ። አንዱ ቁስል ነው ማለት፣ ሌላው ሽንቁር የሌለው ሳንድ ዶላር አይደለም ማለት። በምዕራብ አትላንቲክ የሚኖረው ሜሊታ የሚባለው ሳንድ ዶላር አምስት ሽንቁር አለው። በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ያለው ኢኪኖዲስከስ ሁለት ሽንቁር ወይም ሁለት ስንጥቅ አለው። ዴንድራስተር የሚባለው ደግሞ አንድም የለውም። ቁጥሩ ለመለየት ይረዳል። ሥራውስ? ቢያንስ አንዱ፣ ከላዩ የሚያልፈው ማዕበል እንስሳውን ብድግ እንዳያደርገው የሽቅብ ኃይሉን መቀነስ ነው።

ስህተት አምስት፦ ተኝቶ የሚውል ፍጡር አድርጎ ማየት

ዴንድራስተር ኤክሰንትሪከስን እንውሰድ። የሚኖረው ከአላስካ እስከ ባሃ ካሊፎርኒያ ባለው የፓስፊክ ዳርቻ ነው። ውኃው በቀስታ ሲፈስ ግማሽ አካሉን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ በጠርዙ ይቆማል። መቶዎች ጎን ለጎን ቆመው ውኃው የሚያመጣውን ምግብ ይይዛሉ። ማዕበሉ ሲበረታ ይተኛሉ ወይም ይቀበራሉ። ትንንሾቹ ደግሞ ውኃ እንዳይወስዳቸው ብረት የበዛበትን ከባድ አሸዋ መርጠው ይውጣሉ፤ ይህ በ1973 ተጽፏል። እጮቹ ከዚህም ይብሳሉ። የዓሣ ልጋግ ያለበት ውኃ ውስጥ ሲገቡ ከራሳቸው ቅጂ ያወጣሉ። ሲከፈሉ ያንሳሉ፤ ትንሽ የሆነ እጭ ደግሞ ለዓሣ ዓይን ያስቸግራል። ይህም በ2008 ታትሟል።

ወንድና ሴቱን ከውጭ አይቶ ለመለየት አትድከሙ። ሁለቱም እንቁላላቸውንና ዘራቸውን የሚለቁት በቀጥታ ወደ ውኃው ነው፤ መልካቸው አይለይም።

የመጨረሻው ስህተት እንስሳውን የሚገድለው ነው፦ በሕይወት ያለውን «ደረቅ ነው» ብሎ ይዞ መሄድ። ቀለም ካለውና እሾሁ ከተንቀሳቀሰ በሕይወት አለ። መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡትና ሥሩን ለአፍታ እዩ፤ እሾሆቹ ሲርመሰመሱ ታያላችሁ። ከውኃ ውጭ ብዙ አይቆይም። ሳትወረውሩት፣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ ውኃው በሸፈነው አሸዋ ላይ መልሱት። ከዚያ በኋላ መቀበሩን እሱ ያውቅበታል።