ስማርት መኪና ውስጥ ሁለት ብቻ ለመሆን

ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ሐዋሳ ላይ እንደ ቢዋይዲ ወይም አይዲ 4 ያለ የኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ አይደለም። አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ መስታወት ዘግተው የሚያወጉ ጥንዶች ግን መኪናቸው ማይክ፣ ካሜራና የራሱ ሲም ካርድ ሊኖረው እንደሚችል ብዙም ልብ አይሉም። ከፋየርፎክስ ብራውዘር ጀርባ ያለው ሞዚላ ፋውንዴሽን በ2023 እ.ኤ.አ. የ25 መኪና ብራንዶችን የግላዊነት ፖሊሲ ሲፈትሽ አንዱም መስፈርቱን አላለፈም፤ የኒሳን የአሜሪካ ፖሊሲማ ሊሰበሰቡ ከሚችሉት መረጃዎች መካከል የወሲብ እንቅስቃሴን ሳይቀር ጠቅሶ ነበር። ያም ሆኖ በተግባር ቤት የሚያውከው ብሉቱዝ ነውና ከእሱ ጀምሩ።

ስልክ ከመኪናው ጋር ሲገናኝ፣ ከፈቀዳችሁለት ኮንታክትና የጥሪ ዝርዝር አብሮ ይገለበጣል። ባል በር ላይ ቆሞ በስልክ እያወራ ሚስት መኪናውን ስታስነሳ፣ ጥሪው ከጆሮው ተነጥቆ በስፒከር ይለቀቃል። መልእክት ሲገባም የላኪው ስም ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ይላል። በስልኩ የብሉቱዝ ገጽ የመኪናውን ስም ነክታችሁ ኮንታክት ማጋራትንና ማሳወቂያን ዝጉ፤ ሙዚቃው አይቋረጥም። ከዚያ መኪናው ውስጥ የተመዘገቡትን የድሮ ስልኮች ሁሉ አጥፉ። የኪራይ መኪና ከሆነ ቁልፉን ሳትመልሱ በፊት።

ሾፌሩ እንዳያንቀላፋ የሚከታተለው ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው ጀርባ ወይም ከውስጥ ስፖኪዮው አጠገብ ነው። መኪናው ሲቆም ጥቁር ናስትሮ ለጥፉበት፤ ስትነዱ አንሱት፣ አለዚያ የድካም ማስጠንቀቂያው አይሠራም። ናስትሮ ድምፅ እንደማያግድ ግን አትርሱ። የበለጠ የሚያሰጋው ከገበያ ተገዝቶ የተገጠመው ዳሽ ካም ነው፤ መንገዱን እየቀረጸ የውስጡን ወሬ ሚሞሪ ካርድ ላይ ያስቀምጣል፣ ካርዱን ያወጣ ሁሉ ይሰማዋል። የማይኩን ምልክት ተጭናችሁ ዝጉት። ቻይንኛ ብቻ የሚያውቀው የድምፅ ረዳትም በማይሆን ሰዓት ሊመልስላችሁ ይችላልና ከሴቲንግ አጥፉት። የተረሳ ሕፃን ለመለየት ትንፋሽ የሚከታተል ራዳር ካለው ምስል ስለማይቀርጽ ተዉት።

መኪናውን መስመሩ ውስጥ የሚያቆየው ሌይን ጠባቂ ይነዳልናል ብሎ መተቃቀፍ? በፍጹም። ባጃጅና ፍየል ባለበት መንገድ ቀርቶ በባዶ አስፋልትም ቢሆን ሾፌሩ ሰው ነው።

መኪናውን ከስልክ ወደሚቆጣጠረው አፕ ስንመጣ፣ ዋናውን አካውንት የያዘ ሰው መኪናው የት እንደቆመ፣ በሩ መከፈቱንም ሊያይ ይችላል። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና አፕ ሲመዘገብ የቻይና ስልክ ቁጥር ሊጠይቅ ስለሚችል አካውንቱ በአስመጪው እጅ ሊቀር ይችላል። ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ መኪናውን ከአፑ ፊታችሁ ያስወጣ፤ ስክሪኑን ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መመለስ ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። ባልና ሚስት ከተጋሩት ደግሞ ማን ምን እንደሚያይ ሁለቱም ይወቁ። አንዱ ተደብቆ የሚያይበት ክትትል፣ «ስለምወድሽ እኮ ነው» ቢባልም፣ ቁጥጥር ነው።

የተደበቀ ጂፒኤስ ከጠረጠራችሁ ከመሪው በታች ያለውን የዲያግኖስቲክ ሶኬት (መካኒክ የመመርመሪያ መሣሪያ የሚሰካበትን)፣ የዳሽቦርዱን ሥርና የመቀመጫዎቹን ሆድ በስልክ መብራት ፈትሹ። የትዳር ጓደኛችሁን የምትፈሩ ከሆነ ግን ስታገኙት ወዲያው አትንቀሉት፤ ሲነቀል ለሚከታተላችሁ ሰው ማስጠንቀቂያ ሊደርሰው ይችላል። መጀመሪያ የምታምኑትን ሰው በሌላ ስልክ አማክሩ። መሄድ ያለባችሁ ቦታ ካለ መኪናውን ቤት አቁማችሁ በባጃጅ ሂዱ።