የስፖርት መኪናን ባትሪ ወደ ኋላ ማዛወር፦ የፎርድ ሙስታንግ ምሳሌ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1979 እስከ 1993 የተመረተው ፎርድ ሙስታንግ፣ በተለይም ባለ 8 ሲሊንደሩና ባለ 5.0 ሊትሩ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ያደላ መኪና ነው። ባትሪውም ከፊት መብራቱ ጀርባ በመቀመጡ ይህን ያባብሰዋል፤ መኪናቸውን ለውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ባትሪውን ወደ ኋላው የዕቃ መጫኛ የሚወስዱትም ስለዚህ ነው።

ጥቅሙን አስቀድሞ አስልቶ ማወቅ ይገባል። ባትሪው 18 ኪሎ ቢመዝንና 3 ሜትር ወደ ኋላ ቢሄድ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2.55 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከፊት ጎማዎች ላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚዛወረው ጭነት 21 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህ ሲነዱት የሚሰማ ለውጥ ነው፤ ነገር ግን ወፍራሙ ገመድና ሳጥኑ ራሳቸው 5 ኪሎ ያህል ስለሚጨምሩ መኪናው በጠቅላላ ክብደቱ አይቀልም። ሥራውን በጥንቃቄ ለመሥራት ጊዜም ገንዘብም የሌለው ሰው ባትሪውን ባለበት ቢተወው እመርጣለሁ።

የሚመረጠው ቦታ የቀኙ የኋላ ጥግ ነው። አሽከርካሪው በግራ ስለሚቀመጥ ባትሪው ሚዛኑን ይጠብቃል፤ ከዚህም በላይ የኋላው አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ) አንድ ወጥ በመሆኑ፣ መኪናው ከቆመበት በኃይል ሲነሣ ከሞተሩ የሚመጣው የመጠምዘዝ ጉልበት የቀኙን የኋላ ጎማ ከመንገዱ ሊያነሣው ስለሚሞክር፣ እዚያ ላይ የሚያርፍ ክብደት ጎማው መንገዱን እንዲቆነጥጥ ይረዳል። ባትሪው የቻለውን ያህል ወደ አክስሉ ይቅረብ፤ ወደ መከላከያው በራቀ ቁጥር መኪናው ኩርባ ላይ ጅራቱን ለመመለስ ይከብደዋል።

ትራፓኖ ከማንሣትዎ በፊት መኪናውን በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያሳርፉ፣ በክሪክ ብቻ አይመኑ፣ ከዚያም ከሥር ገብተው ይመልከቱ። በዚህ ሙስታንግ የነዳጅ ታንኩ ያለው ልክ ከዕቃ መጫኛው ወለል በታች ነው። ከላይ ሲያዩት ባዶ ላሜራ የሚመስለው ቦታ ከሥሩ ቤንዚን ሊኖረው ስለሚችል፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ የት እንደሚወጣ ከታች ተለክቶና በኖራ ምልክት ተደርጎበት መሆን አለበት። ጥርጣሬ ካለ ታንኩን አውርዶ መሥራት ይሻላል።

ሳጥኑን በላሜራው ላይ ብቻ ማሰር አይበቃም። ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ብሎኖች ከሥር በሰፊ የብረት ሳህን ተደግፈው፣ ከተቻለም ከሻሲው ጋር ተያይዘው፣ በዳዶ ይጠበቁ። በግጭት ጊዜ ከክብደቱ 20 እጥፍ የሚሆን ግፊት ቢያጋጥም፣ 18 ኪሎው ባትሪ በ360 ኪሎ ኃይል ወደ ተሳፋሪዎቹ ይገፋል። ባትሪው ሲሞላ ሃይድሮጂን ሊያወጣ ይችላል፤ ይህ ጋዝ ከአየሩ 4 በመቶ ከደረሰ በአንዲት ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ሳጥኑ የተዘጋ ሆኖ ጋዙን ከመኪናው ውጭ የሚያስወጣ ቱቦ ይኑረው። የዕቃ መጫኛቸው ከተሳፋሪው ክፍል ያልተለየ የሀችባክ ሞዴሎች ላይ ይህ በፍጹም አይታለፍም።

የሥራው ዋና ክፍል ገመዱ ነው። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) 200 አምፔር ቢስብ፣ 5 ሜትር ርዝመትና 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ ብቻውን ከ1 ቮልት በላይ ይበላል፤ በ50 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ግን ብክነቱ ወደ 0.35 ቮልት ይወርዳል። በርካሽ የሚሸጠው፣ ከላይ መዳብ ተለብጦ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነው ገመድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ገመዱን ከመኪናው ሥር፣ በማርሚታው አጠገብ ከማሳለፍ ይልቅ በውስጥ፣ በቀኙ የበር ደፍ በኩል ከምንጣፉ ሥር ማሳለፍ ይመረጣል፤ ላሜራ በሚያልፍበት ሁሉ በቀዳዳው ላይ የጎማ ቀለበት ይግባ፣ በየ40 ሳንቲ ሜትሩም ይታሰር። አንድ ጊዜ ከጥቂት ወራት በፊት የሠራሁትን መኪና ምንጣፍ ስገልጥ፣ በመቀመጫው ብሎን ጫፍ በኩል ያለፈው የገመዱ ልባስ ተፍቆ እንደ መስታወት ሲያብረቀርቅና ከሥሩ የመዳቡ ቀለም ብቅ ሲል አየሁ። ከዚያ ወዲህ ገመዱን ተጨማሪ ሽፋን ሳላለብስ አላሳልፍም።

ልባሱ ቢበጣ መኪናውን ከእሳት የሚያድነው ፊውዙ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ30 ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ፣ ለ50 ካሬ ሚሊ ሜትሩ ገመድ 250 ወይም 300 አምፔር ፊውዝ ይግባ። ሞተሩ አጠገብ የሚገጠም ፊውዝ ከኋላው ያለውን ረጅም ገመድ አይጠብቅም።

ለማሳው፣ ማለትም ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ መኪናው አካል ለሚሄደው ገመድ፣ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቀው፣ በጥርሳም ሮንዴላ ከወፍራም የሻሲ ክፍል ጋር ያያይዙት፤ ከፊትም ሞተሩን ከሻሲው የሚያገናኘው ገመድ ተመሳሳይ ውፍረት ይኑረው። ብዙዎች የኋላውን አሳምረው የፊቱን ስለሚረሱ ሞተሪኖው ሲደክም ባትሪውን ይወቅሳሉ።

በአሜሪካ በኤን ኤች አር ኤ (የቀጥታ መንገድ የፍጥነት ውድድር ማኅበር) ደንብ ለሚወዳደር መኪና፣ ባትሪው ከቦታው ከተነሣ ከኋላ በውጭ የሚደረስበት ዋና ማጥፊያ ግዴታ ነው፤ ማጥፊያውም ሞተሩን ማቆም አለበት። የባትሪውን ገመድ ብቻ ቢቆርጥ ዲናሞው ሞተሩን ማብላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የዲናሞው የመሙያ ገመድ ከፊት ካለው የሞተሪኖ ሶሌኖይድ (ለሞተሪኖው ኃይል የሚያስተላልፈው ማብሪያ) ተነቅሎ፣ የራሱ ፊውዝ ተበጅቶለት፣ ከማጥፊያው በባትሪው በኩል ካለው ጫፍ ጋር ይገናኝ።

ሲፈቱ ኔጋቲቩን መጀመሪያ፣ ሲያስሩ መጨረሻ ያድርጉት። ከዚያ ሰው ሞተሩን ሲያስነሣ በቴስተር ይለኩ፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ከ0.5 ቮልት፣ ከኔጋቲቩ እስከ ሞተሩ አካል ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ አንድ ማያያዣ ላልቷል ወይም ቀለም ቀርቶበታል። ከመጀመሪያው ሳምንት ንዳት በኋላም ሁሉንም ዳዶ እንደገና ያጥብቁ።